ውድነሽ ቦሎቄዋን ስትመረምር

ውድነሽ ቴፒ ከሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን በር ላይ የቦሎቄ ንፍሮ መሸጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። የአርባ ቡና ለቃሚ ሴቶች ምሳ ከእሷ ድስት ነው። በ2006 ዓ.ም. ካቦው ባየ ተነሣባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሴቶቹ ቦሎቄሽን እየበሉ በሚለቁት መጋዘኑ ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ። ከቅዳሜ በኋላ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ።»

ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተኮራምተው ሲለቅሙ የባየ ዓይን አያይም፤ አፍንጫው ግን ንቁ ነው። እንዲህ ያለ አለቃ ደሜን ያፈላዋል።

ውድነሽ አልለመነችውም። ግቢዋ ውስጥ የምትከራየውን የባዮሎጂ መምህርት ህሊናን ጠየቀቻት። ቦሎቄ ውስጥ ሆድ መፍጨት የሚያቅተው ስኳር አለ፤ አንጀት ሲደርስ ጋዝ ይሆናል፤ ያንን ስኳር የሚሰባብር የኢንዛይም ክኒንም አለ አለቻት። ክኒኑን ከአዲስ አበባ አስመጣችላት። ውድነሽ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች የደም ስኳር መለኪያ አላት፤ ስኳሩ ከተሰባበረ መለኪያው ያገኘዋል።

እሷ ግን ክኒኑን የሚንተከተክ ድስት ውስጥ ጣለችው። መለኪያው «ሎ» አለ፤ የረባ ስኳር አላገኘሁም ማለቱ ነው።

«እትዬ፣ ኢንዛይም ሲፈላ ይሞታል እኮ።»

«ክኒን ይሞታል እንዴ?»

«ይሄኛው ይሞታል።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ከነነፍሱ ቀቀልኩት።»

በማግስቱ ሦስት ብርጭቆ ደረደሩ፤ የቀዘቀዘ የቦሎቄ ውሃ ብቻውን፣ የቦሎቄ ውሃ ከክኒን ጋር፣ ንጹሕ ውሃ ከክኒን ጋር። ሦስተኛውን ያሰበችው ውድነሽ ናት፤ «ክኒኑ ራሱ ስኳር ቢሆንስ? ሻጭን አላምንም፣ እኔም ሻጭ ነኝ» ብላ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንደኛውና ሦስተኛው «ሎ»፣ መካከለኛው ሰማንያ አራት። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት ይህን ያሰበችው። ስንት ባለዲግሪ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይረሳዋል።

ውድነሽ ቁጥሩን ወስዳ ብታሳየው ባየ ከንፈሩን ገለበጠ። «ቁጥር አይሸትም። ቅዳሜ አፍንጫዬ ይፈርዳል።»

ቅዳሜ ውድነሽ ቦሎቄውን አበረደችና ክኒኑን መደቆስ ያዘች። ባየ «መድኃኒት የነካው አልበላም» ብሎ፣ ሳይነሰነስበት ሁለት ሳህን አስቀድቶ በላ። ውድነሽ ልትከለክለው ስትል አብራት የመጣችው ህሊና በጆሮዋ «ተይው፣ እንደ አንደኛው ብርጭቆ ያስፈልገናል» አለቻት። ለሴቶቹ የተነሰነሰበት አንድ ሰዓት ቆይቶ ቀረበ።

ከሰዓት በኋላ ባየ አፍንጫውን ቀስሮ በሴቶቹ መካከል ተመላለሰ። ምንም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጥግ አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ። ጥጉ ላይ ከባየ በቀር ሰው አልነበረም። አርባ ራስ ቡናው ላይ አቀረቀረ፤ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በዕድሜ ትልቋ ለቃሚ አማረች ቀና ሳትል፣

«ጋሼ ባየ፣ አፍንጫዎ ምን ፈረደ?» አለችው።

«ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ወጣ።

ሰኞ ውድነሽን በሩ ላይ አገኛት። ሂጂ አላላትም፤ ይቅርታ የሚባለውን ቃልማ ከየት ያምጣው። ሳህኑን ዘረጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይሄ... የተነሰነሰበት ነው?» አላት።

«ነው። ግን አንድ ሰዓት አልሞላውም።»

ቆሞ ጠበቀ።