መጣ ያልኩበት እሁድ

የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት ከአንድ ጆሮዋ ማዳመጫውን ነቅላ፣ «ትረካ ነው አክስቴ፣ የፍቅር ታሪክ፤ ክፍል አስራ ሰባት ላይ ደርሻለሁ» አለችና መልሳ ሰካችው። በዚያች ቅጽበት የተራኪው ድምፅ ብርጭቆ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ቀጥኖ ተሰማኝ። ቃሉን ይጎትታል፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ላይ መድረሱ ያስታውቃል። ያንን አነባበብ አውቀዋለሁ። ጓዳ ገብቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ምድቤ ካቺሲ የምትባል የገጠር ከተማ ሆነ። የአምቦ ልጅ ነኝ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ጎረቤቱም ገበያውም ኦሮምኛ ስለነበር በሁለቱም እኩል እናገራለሁ፤ ወደዚያ የላኩኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ከጊንጪ ተነስቶ በጭነት መኪና ጀርባ አንድ ሙሉ ቀን ያስኬድ ነበር። ክረምት ሲገባ መኪናው ይቀራል፤ ደብዳቤም ጋዜጣም ይቀራል፤ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው።

ቤት ያከራየችኝ ሴት ሰላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አዴ እላታለሁ፤ ባለትዳር ሴት በኦሮምኛ በአክብሮት የምትጠራበት ነው። እሷ ደግሞ ባርሲስቱ ትለኛለች፤ አስተማሪዋ ማለቷ ነው። ባሏን ከአራት ዓመት በፊት ለጦርነት ወደ ሰሜን ወስደውታል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም። ሞቷል ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም። በሄደችበት ቢሮ ሁሉ ጠብቂ ይሏታል። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ በሄድኩበት ዓመት አንደኛ ክፍል ገባችና የአማርኛ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ሆንኩ።

ታላቅ ወንድሜ ሥራ ስይዝ የሰጠኝ ሬዲዮና ቴፕ አንድ ላይ ያለው ዕቃ ነበረኝ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የፍቅር ልቦለድ በሬዲዮ በተከታታይ ይተረክ ጀመር። ጣቢያው በደንብ ስለማይገባ አንቴናው ላይ ሽቦ አስሬ ደጃፍ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ እሰቅላለሁ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጠዋቱን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ሲሞቅ ይወጣ የነበረው የዛገ ብረት ሽታ፣ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ዛሬም አንዳንዴ አፍንጫዬ ስር ይመጣል።

ታሪኩ የአንዲት የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ባቡር ላይ የሚሠራ ወጣት ትወዳለች። እሱ ለሥራ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏታል። ደብዳቤው ይቋረጣል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ እየሄደች የሚወርደውን ሰው ሁሉ ታያለች። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላክባታል፣ ትመልሳለች።

መጀመሪያ የማዳምጠው ለራሴ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አከራዬ ኑግ የያዘ ሰፌድ ታቅፋ መጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ዋጋ መጠየቅና እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበር የምትችለው። ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀምጣ ከመጀመሪያው እንድጀምርላት ለመነችኝ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ሬዲዮው ሲተርክ በካሴት እቀዳለሁ። እሷ በዚያን ጊዜ አንድም ቃል አትጠይቀኝም፤ ኑጓን እየለቀመች የኔን ፊት ታያለች። ሲያልቅ ካሴቱን ወደኋላ አጠነጥንና ጥቂት ጥቂት እያስቆምኩ በኦሮምኛ እተረጉምላታለሁ። ልጅቷ እናቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ ትሰማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ይወስዳታል። አከራዬ ልቦለድ የምትሰማ አትመስልም ነበር፤ ለእሷ የእውነተኛ ሰው ወሬ ነው። አንድ ቀን ተራኪው ጣቢያው ባዶ እንደሆነ ሲያነብ ራሷን ነቅንቃ፣ «ዛሬም አልመጣም፤ እግሯ እንዴት አይደክማት?» አለች።

በዚያው ዓመት አንድ የጌዶ ከብት ነጋዴ ሊያገባት አስቦ ይመላለስ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለገበያ ይመጣና እሁድን ዘመዶቹ ጋ ይውላል። ሲመጣ ለልጅቷ ደብተርና እርሳስ ይይዝላታል፤ የወደቀውን አጥራችንን ማንም ሳይጠይቀው አቁሞታል። ከብት እየነዳ አዲስ አበባ ድረስ ስለሚወርድ አማርኛ አሳምሮ ይሰማል። ትረካው ሳያልቅ ግን አይገባም። እሷ መቋረጥ እንደማትወድ ስለሚያውቅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል፤ ቴፑ ሲጠፋ ሳል ብሎ ይገባል። በኋላ ጃርሳ፣ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ላከባት። ዘመዶቿ ወደዱ። እሷ ግን ዛሬ ነገ ትል ጀመር።

አንድ እሁድ ካሴቱን ከማጥፋቴ፣ ከሰፌዷ ቀና ሳትል፣ «ባርሲስቱ፣ ኒ ዹፋ?» አለችኝ። ይመጣል ወይ ማለቷ ነው። የባቡሩን ሰው መስሎኝ አላውቅም አልኳት።

የመጨረሻው ክፍል የሚተረክበት እሁድ ደረሰ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር፤ ሰኞ ቁርጡን እነግራችኋለሁ ብላ ሸኝታቸዋለች። ይህን አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ፤ ግን አውቅ ነበር።

ሬዲዮው ተከፈተ። ሰማዩ ጠቁሮ ድምፁ ይቆራረጣል። ተራኪው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ልጅቷ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ አንድ የባቡር ሠራተኛ አግኝቷት የነገራትን አነበበ። የምትጠብቀው ሰው በሄደ በሁለተኛው ወር በወባ ሞቶ ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ ሟች ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። እንባዬ ወረደ። አከራዬ እጇን ኑጉ ውስጥ እንደከተተች ፊቴን ታያለች።

ካሴቱን ወደኋላ አጠነጠንኩ። እየተረጎምኩ ሄድኩ፤ ሽበቷን፣ ጣቢያውን፣ የመጣውን ሠራተኛ። እዚያ ስደርስ አስቆምኩት።

«ማል ጄዼ?» አለችኝ። ምን አለ?

በኦሮምኛ መጣ ዹፌ ነው፤ ሞተ ደግሞ ዱኤ ነው። አፍ ውስጥ ይቀራረባሉ። የተከፈተው አፌ «ዹፌ» አለ።

መጣ አልኳት። የመጣው ሠራተኛ ራሱ እሱ ነው፣ አርጅቶ ነው እንጂ፤ ያለቀስኩትም ከደስታ ነው አልኳት። ሰፌዱ ከጭኗ ወርዶ ኑጉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ፊቷን በመዳፎቿ ሸፍና ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። እንዲያ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ቀና ስል ነጋዴው አጥሩ ላይ ቆሟል። ሬዲዮውንም እኔንም ሰምቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ገብቶ ያጋልጠኛል ብዬ ጠበቅኩ። ኮፍያውን አጠለቀና ሳይገባ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹን መለሰቻቸው። ባሌ ይመጣል አለች። ነጋዴው ከዚያ በኋላ ወደ ካቺሲ ገበያ መምጣቱን ተወ፤ ዓመት ሳይሞላ ጌዶ ላይ ሌላ ሴት እንዳገባ ሰማን። እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር። አንዴ ልጅቷ ታመመች፤ አንዴ ደግሞ እሷ እየዘፈነች ግድግዳ ስትለቀልቅ አገኘኋት። ባሏ ሲመጣ ቤቱ አዲስ እንዲሆን ነው አለችኝ። ተመልሼ ክፍሌ ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አምቦ ተዛወርኩ። ስሄድ የጠየቀችኝ ካሴቶቹን ብቻ ነበር። የምታጫውትበት የላትም፤ ይኑሩኝ አለች፤ ሰጠኋት።

እንዲህ ሲወራ አጭር ይመስላል። ስድስት ዓመት ነው።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ጦር በየመንገዱ ወደየአገሩ ሲገባ አየን። እግራቸው ያበጠ፣ ልብሳቸው የተቀዳደደ ወንዶች አምቦ ላይ ውሃ እየለመኑ ያልፉ ነበር። እያንዳንዱን ፊት አያለሁ፤ የእሷን ባል ግን በመልክ አላውቀውም።

በቀጣዩ መስከረም የቤቴ በር ተንኳኳ። አከራዬ ናት፤ ልጇን ዘጠነኛ ክፍል ልታስገባ አምቦ መጥታለች። ልጅቷን ምዝገባ ላይ ትታ፣ መናኸሪያ እንገናኝ ብላት፣ ብቻዋን ነው የመጣችው። ከስታለች። ሳምኳት፤ ሳመችኝ። የአምቦ ውሃ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም።

ጊንጪ የገባ አንድ ወታደር በሐምሌ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነግሯታል። ባሏ የሞተው ሁለተኛውን ደብዳቤ በጻፈ ሰሞን ነው፤ የቀበረውም እሱ ነው። ዘመዶቿ ለቅሶ እንቀመጥ ቢሏት እምቢ አለች።

«አላመንኩትም» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺ ያልሽውን ይዤ ነበር የኖርኩት። ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺ የሬዲዮዋ ልጅ ጠብቃ አገኘች፤ እኔስ ለምን አላገኝ ብዬ።»

ከዚያ መጨረሻውን ደግማ ልትሰማ ስለፈለገች ልጇ ከጎረቤት ቴፕ ተውሳ ካሴቶቹን አጫወተችላት። አማርኛውን አንድ በአንድ ተረጎመችላት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ልጅቷ ግራ ተጋብታ፣ «ባርሲስቱ ያለችው እንዲህ አልነበረም» አለች። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ናት።

ይቅርታ ልል ጀመርኩ፤ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ያን ቀን ነጋዴው አጥሩ ላይ ሆኖ እንደሰማ፣ እያወቀ ዝም ብሎ እንደሄደ ነገርኳት። ይህን አላወቀችም ነበር። ውጭ አንድ ጋሪ ደወሉን እያቃጨለ አለፈ።

«ሁለታችሁም አዘናችሁልኝ» አለች በመጨረሻ። «የጠየቀኝ ግን የለም።»

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ «ልጄ ነግራኛለች፣ ልጅ ናት ግን፤ ካንቺ አፍ ልስማው» አለችኝ። እናም ተረኩላት። ካሴት የለ፣ ሬዲዮ የለ፤ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሬ፣ ባቡሩን፣ የፋሲካውን ቃል፣ ቅዳሜዎቹን ሁሉ፣ በኦሮምኛ፣ ምንም ሳልቀንስ። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማችኝ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ አረፋው አልቆ ተኝቷል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጠበቀችኝ።

«ዱኤ» አልኳት። ሞተ።

ራሷን ነቀነቀች። ተነሳችና ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው መልሳ ለበሰችው። እጄን ዘርግቼ ላስተካክልላት ስል ዝም ብላ ቆመችልኝ።

የጊንጪ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዘመዶቿን ሰብስባ ለቅሶ መቀመጥ አለባት። ዕቃዋን ላግዝሽ ስላት ዘንቢሏን አቀበለችኝ። መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ ዘንቢሉ ግን ከባድ ነበር። መናኸሪያው እስክንደርስ ጎን ለጎን ሄድን።