ገነቴ ሰርግ የሄደች ዕለት

ገነቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ሻይ እየሸጠች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የዳምቦያን መኪና በየቀኑ ስትሸኝ ትውላለች፤ እዚያው ዳምቦያ ያለችውን እህቷን ግን አንድ ቀን ሄዳ አልጠየቀችም። አንድ ልጇ ሳባ ኦቲዝም አለባት። ጡሩምባ ከሰማች ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ከእናቷ እጅ በቀር አትጎርስም። ስለዚህ ገነቴ ጠዋት በሩን ቆልፋባት ትወጣለች፣ በየመሀሉ ሮጣ ሄዳ አይታት ትመለሳለች። ጎረቤት "እርግማን ነው" ሲል እንዳልሰማች ታልፋለች። የቆለፈችው በር ግን ሁልጊዜ ይከነክናታል።

አንድ ቀን እንዲሁ ሮጣ ስትመለስ፣ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ትርፊት የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት አስቆሟት።

"ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው?"

ነገረቻቸው። ትርፊት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "የኔም ልጅ አሞጽ እንደሷው ነው። ከአራት እናቶች ጋር ዳቦ ቤት ከፍተናል። ልጆቹ ይሠራሉ፣ እኛ በተራ አብረናቸው እንውላለን። ነገ ይዘሻት ነይ።"

በማግስቱ ሳባ ገና ከመግባቷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጩኸቷን አቀለጠችው። ገነቴ በሀፍረት አንገቷን ደፋች።

"ይቅርብን እትዬ፣ ሥራ አስፈታናችሁ።"

"አሞጽ ሁለት ወር ሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የከረመው። ተያት፣ እዚያው ትቀመጥ።"

ሦስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠች። በአራተኛው እጇን ብቻ ወደ ላይ ሰድዳ ሊጥ ቆነጠረች። ትርፊት ትንሽ ቆርሰው አቀበሏት። ዛሬ ሊጡን የምታድበለብለው ሳባ ናት፤ ደሞዝም አላት። ምሳዋን ከትርፊት እጅ መብላት ከጀመረች ሰንብታለች።

በጥር የገነቴ እህት ልጅ ሰርግ ደረሰ። "በጠዋት ሄደሽ ማታ ትመለሻለሽ" ብለው ትርፊት ገፋፏት። ገነቴ ዳምቦያ ገብታ ገና ከመቀመጧ ደወለች።

"በላች?"

"በላች።"

"አላለቀሰችም?"

"አንዴ አለቀሰች፣ ተወችው። አሁን ሥራ ላይ ናት። በይ ስልኩን ዝጊና ከዘመዶችሽ ጋር ተጫወቺ!"

ገነቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እህቷ ሳህኗ ላይ ስትጨምርላት "በቃኝ፣ ልሂድ" አላለችም። ተደላድላ ተቀምጣ በላች።