የአይጧ ጺምና የእኔ ዲግሪ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በአይጥ አንጎል ላይ ነው። ይህን ስናገር ሰው ነጭ ጋውን ለብሼ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳጎነብስ ይታየው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ እስክመረቅ ድረስ አንዲት አይጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። የተማርኩበት ቤተ ሙከራ አይጥ አልነበረውም። ሌሎች ነክተው የጻፉትን አነበብኩ፣ ያነበብኩትን መልሼ ጻፍኩ፣ ፈታኞቼም እጄን ጨብጠው አሰናበቱኝ።

ከዚያ ወዲህ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሚስቴ ጋር የምንኖረው ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በአንዲት እህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። አከራያችን የጉራጌ ሙስሊም ናቸው፤ ግቢው ሁሉ «አዶት» ይላቸዋል፣ በአገራቸው ቋንቋ እናት እንደማለት ነው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ምስሩን እርጥበት ይንካው አይንካው፣ ሽምብራው ነቀዝ ይግባበት አይግባበት የሚያውቁት በጣታቸው አሽተው ነው። ሱቃቸው የማይችለውን እህል የሚያኖሩት ግቢው ጥግ ላይ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የምስሩ ጆንያ ጥጉ ተበልቶ ተገኘ። አዶት ደጃፍ ላይ ቆመው ይራገማሉ። እህል ባለበት መርዝ አላስገባም ብለዋል። እኔ ቧንቧው ጋ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር፣ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አዶት፣ ይህን ለእኔ ይተዉት። ሙያዬ ነው።»

«አስተማሪ አይደለህም እንዴ?»

«ያጠናሁት የአይጥ አንጎል ነው።»

«እህሌን የሚበላው አንጎሏ ነው ጥርሷ?»

ሳሙናው ፊቴ ላይ እየደረቀ ማብራራት ጀመርኩ። አይጥ በጨለማ የምትሄደው ጺሟን ወዲያና ወዲህ እያርገበገበች፣ የነካችውን ሁሉ እየዳሰሰች ነው። አንጎሏ ውስጥ ለእያንዳንዷ የጺም ፀጉር የራሷ የሕዋሳት ሰፈር አላት፤ አንዷ ፀጉር ስትነካ የዚያች ሰፈር ሕዋሳት ይነቃሉ። የመሬቱን ንዝረት ደግሞ በእግሮቿ ትሰማለች፤ እሱንም የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። ስለዚህ የመጋዘኑን ወለል ሳናቋርጥ ካንቀጠቀጥነው አንጎሏ ይጨናነቅና ግቢውን ለቃ ትሄዳለች አልኩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የትም አልተጻፈም፤ የራሴ ፈጠራ ነበር። ድምፄ ግን ምንም አልተለወጠም።

ሚስቴ በራችን ላይ ቆማ ስትሰማኝ ቆይታ «ፊትህን ተለቃለቅ» አለችኝ።

እህቷ ከዱባይ ያመጣችላት የጀርባ ማሳጅ ማሽን ነበራት። ሲሰኩት እንደ ተናደደ ባጃጅ ያጉረመርማል። እየተነጫነጨች ሰጠችኝ። አቧራ እንዳይገባው በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጆንያዎቹ ከተደረደሩበት የእንጨት ርብራብ ሥር አስገባሁትና ሰካሁት። ቆርቆሮው ተንጫረረ፣ ርብራቡ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ቀን አዲስ ቀዳዳ አልታየም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ግቢው ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። ለጎረቤት ሁሉ ስለ አንጎል ሕዋሳት ተናገርኩ፤ አንዱ ጎረቤት ለራስ ምታቱ መድኃኒት ጠየቀኝ፣ እሱንም አላሳፈርኩትም።

በአምስተኛው ቀን ሌላ ጆንያ ተበላ። በማግስቱ ሁለት።

የሚያበሽቀው፣ ምክንያቱን አውቀው ነበር። አንድ ዓይነት ንዝረት ሲደጋገምባቸው ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ መልስ መስጠት ይቀንሳሉ፤ አይጧም ትለምደዋለች። ስለዚህ ነገር በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌአለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ግን ያ ገጽ ከእኔ ጋር አልገባም።

ቅዳሜ ጠዋት አዶት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ።

«አጥፋው ይሄን።»

አጠፋሁት። መዳፋቸውን አንዱ ጆንያ ላይ አሳረፉና ትንፋሻቸውን ያዙ። ወደ ሁለተኛው አለፉ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ።

«እዚህ ናት። እየበላች ነው። ከግድግዳው በኩል።»

እኔም መዳፌን አጠገባቸው አሳረፍኩ። ጆንያ ነው፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

«ቱቦ አምጣ» አሉኝ። ከጣራ ውሃ መውረጃ የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ አመጣሁ። አንዱን ጫፍ በጨርቅ ወትፈው በግድግዳው ሥር አጋደሙት። «አይጥ ግድግዳ ሳትታከክ አትሄድም። ሜዳ ትፈራለች።»

ለምን እንደምትታከክ፣ ጺሟ ግድግዳውን ሲነካ አንጎሏ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ጆንያውን በጥፊ መቱት። ግራጫ ነገር በግድግዳው ሥር ተወረወረና ቱቦው ውስጥ ገባ። አዶት ጎንበስ ብለው ሌላውንም ጫፍ በጨርቅ ደፈኑት።

ማሽኑን ላወጣ ብርድ ልብሱን ስጎትት፣ እጥፋቱ ውስጥ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ቀያይ፣ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ግልገሎች ተኮልኩለዋል። ከማሽኑ ሙቀት ተጠግታ ነው የወለደችው።

ሚስቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች። «የአራስ ቤት ነው የሠራህላት።»

አዶት ቱቦውን እጄ ላይ አኖሩት። «እንካ፣ ሙያህ ነው። ውጭ አውጣት።»

ያዝኩት። በፕላስቲኩ በኩል አንድ ነገር መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ መርገፍገፍ። እስከ ክርኔ ወጣ። ስንት ዓመት «ንዝረት» እያልኩ ስጽፍ የአንድ ፍጥረት ፍርሃት ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም። የእኔም እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የትኛው የእሷ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ መለየት ሲያቅተኝ ለቀቅኩት። ቱቦው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ጨርቁ ተፈናጠረ፣ አይጧ በግድግዳው ሥር እንደ ጥይት ወደ በሩ ወጣች። በሩ ላይ ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። አንድ ጊዜ ብቻ መታቻት።

ግልገሎቹን አዶት በቆርቆሮ ጣሳ ሰብስበው ለጎረቤት ድመት ወሰዱ። እኔ ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ምሳ አልበላም አልኩ።

«ዘመዶችህ ናቸው?» አለችኝ ሚስቴ። ያዘነችው ለማሽኗ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዋን አስጠግታው አታውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ርዕሰ መምህራችን ሳይንስን ከኑሮ ጋር ስለማገናኘት አንድ ነገር እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ለመምህራኑ የጺሙን ሥዕል አሳየሁ፣ የሕዋሳቱን ሰፈሮች በቀለም ለየሁ፣ ስለ መጋዘኑም ተረክሁ። አዶት በትረካዬ ውስጥ «አንዲት የአካባቢው ነዋሪ ተባብረውናል» ሆኑ። ሚስቴ ጭራሽ አልነበረችም።

የኬሚስትሪ መምህሩ እጁን አወጣ። «በመጨረሻ አይጧን ያስወጣት ምንድን ነው?»

«ንዝረት» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ውሸት አልተናገርኩም፤ የማን እጅ ሲንቀጠቀጥ እንደወጣች ግን የጠየቀኝ የለም።