የነቁት ዘበኞች

ዘበኛው ሆስፒታል ተኝቶም ካፖርቱን አላወለቀም፤ ፊሽካውም ከአንገቱ አልወረደም። አልጋ ተሰጥቶት ሳለ እንደ ሥራ ቦታው ተቀምጦ ያንቀላፋል። ኤችአይቪ ጨርሶት፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሲመጣ ትኩሳት እንኳ አልነበረውም። መድኃኒት ጀምሮ ሰውነቱ ማገገም ሲይዝ ግን አንገቱ አበጠ፤ እንደ ምድጃም ነደደ። ሲሞት ደኅና፣ ሲድን በሽተኛ የሚሆን ሰው ምን ይባላል? እሱም ኪኒኑን ምላሱ ሥር እየደበቀ መትፋት ጀመረ።

ነርሷ ደረሰችበት። «አባባ፣ ካቆሙት ይሞታሉ። የሰውነትዎ ዘበኞች ተኝተው ነበር፤ መድኃኒቱ ቀሰቀሳቸው። አሁን አንገትዎ ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ቲቢ አዩና ያገኙትን ሁሉ ይደበድባሉ። ቁጣቸውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት እንጨምርልዎታለን።»

ዘበኛው ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። «እኔም አንዴ ከእንቅልፌ ባንኜ ዱላዬን ሳነሣ ጌታዬን ፈነከትኳቸው። ሌባው አጠገባቸው ቆሞ ያያል።»

«ታዲያ አላባረሩዎትም?»

«ምን ያባርሩኛል? መንቃቴን አዩ እኮ።»

ኪኒኑን በውኃ አወራረደና አፉን ከፍቶ አሳያት። ከዚያ ያበጠ አንገቱን በመዳፉ እያሻሸ፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣» አለ፤ «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ።»