ጋሽ በቀለ ስሜን ሲጠሩ

ከድሬዳዋ የወጣሁት በዘፈን መሃል ነው። ያን ምሽት ከዚራ ሰፈር፣ በክበቡ ግቢ ተቀምጣችሁ የነበራችሁ ሁሉ፣ የሆነውን እኔው ልንገራችሁ። የአገር ቤት ዘፈን ምሽት ነበር። አንጋፋዎቹ ተጫውተው ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው ያስተማሩትን ጀማሪ በስሙ ጠርተው ቦታቸውን ይለቁለታል። ባለ ክራሩ ጋሽ በቀለ የሚጠሩት እኔን ነበር። አራት ዓመት አስተምረውኛል፤ ልጅ የላቸውም።

የጅቡቲ ባቡር ደግሞ የሚነሳው በዚያው ሰዓት ነው። የይለፍ ወረቀቴ ቀኑ ሊያልፍ ነው፤ ወደብ ላይ ሥራ ያገኘልኝ የአክስቴ ልጅም ይጠብቀኛል። ለጋሽ በቀለ ለምን አልነገርኳቸውም? "ቅር" ቢሉኝ እንደምቀር ስለማውቅ ነው።

"ክራርህን ቃኝ፤ ከኔ ቀጥሎ ነህ" ብለውኝ ወደ መድረኩ ወጡ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ክራሩን ወንበር ላይ አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ትኬቴን ሳሳይ ድምፃቸው በማጉያው መጣ፤ "ልጄ ዘውዴ ይምጣ!" ጭብጨባው ደመቀ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። ደግመው ጠሩ። በሦስተኛው ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ።

ጅቡቲ ስደርስ ፈረንሳዩ ሹም "ፓፒዬ!" አለ፤ ወረቀቴን ሰጠሁት። ሙያዬን አስጠየቀኝ። "ክራር እመታለሁ" አልኩ። አስተርጓሚው ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና "ኩሊ ብለህ ጻፍለት" አለው። ተጻፈ። ቤት ያከራየችኝ ኻዲጃም ገና በሩ ላይ "ዘፋኝ ነህ አሉኝ፤ ክራር ይዘሃል?" አለችኝ።

"ትቼው መጣሁ።"

"አልሐምዱሊላህ! ግባ።"

ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ድሬ ፀሐይ ከገባች ነፋሷ ይምራል፤ እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሻዩ ጨው ጨው ይላል። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከረጢት ተሸክሜ ስውል በስሜ የሚጠራኝ የለም። ድሬ ናፈቀችኝ፣ አልደብቅም።

በአራተኛው ወር ይቅርታ ልጠይቅ ከጋሽ በቀለ ጋር በደብዳቤ ቀጠሮ ይዤ ቴሌፎን ቤት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ያን ምሽት..."

"ታሟል አልኳቸው" አሉኝ። "ሦስቴ ጠርቼ ስትቀር ምን ልበል?"

ድሬ ደግሞ ሰው ታመመ ሲባል ዝም አይልም። በማግስቱ ሾርባና ብርቱካን ይዘው ጋሼ ቤት መጡ። እሳቸውም ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ዘመዱ ዘንድ አርፏል ብለው መለሷቸው። "ስንቱን ብርቱካን በላሁልህ" ሲሉኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ሾፌሩ ኢብሮ ሊጠይቅህ ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄዶ አጥቶህ ተመለሰ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተባልኩ። ከየት እንደምትደውል አላወቀም፤ ይኸው አጠገቤ ቆሟል። አንተው ንገረው።"

ልነግረው ቆርጬ ነበር። ጥያቸው ጠፋሁ፣ እሳቸው የዋሹት ለኔ ክብር ነው ልለው።

"ዋርያ ዘውዴ!" አለ ኢብሮ፤ ድምፁ በደስታ ሞልቷል። "አቦ የት ጠፋህ? ቢዮ አዋሌን አንድ በአንድ ፈተሽኳት እኮ! ተሻለህ?"

የቴሌፎኑን እጀታ ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ሌላ ቦታ ወስደውኝ ነው" አልኩት። "ገና አልተሻለኝም።"

"በላ እንግዲህ፣ ጋሽ በቀለ እውነታቸውን ነው! ለሰዉ ሁሉ እነግራለሁ። አላህ ያሽርህ፤ እንጠብቅሃለን።"

"አትጠብቁኝ" ማለት አቃተኝ። "እመጣለሁ" አልኩት።