ሞራ ያልቀመሰው ሻንሲ

ባለፈው ሰሞን ለቡ ልጄ ዘንድ ልሄድ ከታክሲ ወርጄ ሳዘግም የአንቲረስት፣ የዚያ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። አንድ ጎልማሳ ብረት በያጅ የአዲስ ቤት የግቢ በር እየቀባ ነው፤ ዝገቱን ሳይፈገፍግ፣ ከላይ ከላዩ። "ኧረ ልጄ፣ መጀመሪያ ፈግፍገው እንጂ!" ስለው "እማማ፣ ነገ ርክክብ ነው፤ ማን ያየዋል?" አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እነዚያን ሁለት ቃላት በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ፣ እጄ በዚሁ ቀለም ቀልቶ ሳለ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቻቸዋለሁ።

አባቴ ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ሣር የበቀለባትን አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና አገኘና አስጎትቶ ጓሯችን አገባት። ሞተሯን በአንድ ወር አስነሳው። ሻንሲዋን ግን፣ ያንን ሁሉን ተሸክሞ የሚኖረውን የመኪና አጥንት ማለቴ ነው፣ ዝገት ይዞታል። ክንዴ ቀጭን ስለነበረ የብረቱ ሆድ ውስጥ የሚገባው የኔ እጅ ነው፤ ክረምቱን ከመኪናዋ ስር ተንጋልዬ በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍግ፣ ብናኙ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ "ዝገት እንደ ቁስል ነው፤ ሳይጠራ ከሸፈንሽው ወደ ውስጥ ይበላል" ይለኛል። ዋጋዬም ተቆርጦ ነበር፤ መኪናዋ የመጀመሪያ ጭነቷን ባደረሰች ማግስት ትምህርት ቤት እገባለሁ። ወንድሞቼ ገብተዋል፣ ተራው የኔ ነው። አንዲት የዝገት ቅርፊት በወደቀች ቁጥር ወደ ትምህርት ቤቱ በር አንድ እርምጃ የቀረብኩ ይመስለኝ ነበር።

የአባቴ አሠራር የራሱ ነው። ተፈግፍጎ በናፍታ የታጠበው ብረት ፀሐይ አይቶ ይደርቃል፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይጠጣል፣ በመጨረሻም ብሩሽ በማይደርስበት ሆዱ ከቄራ የመጣ ሞራ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ቀልጦ ይፈስበታል። የፊተኛውን ግማሽ እንዲህ አድርገን ጨረስነው። የመካኒሳ ውሻ ሁሉ ሊልሳት ደጃችን ተኮለኮለ፤ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽም "ጋራዥ ነው ወይስ ክትፎ ቤት የከፈታችሁት?" እያሉ ሲስቁብን ሰነበቱ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች። እናቴ ወገቧን ይዛ ጓሮ ወጣችና "በጾም በኔ ግቢ ሞራ አይቀልጥም፤ መኪናህም ስጋ ካማራት ትታገስ!" አለችው። አባቴ ሳቀ፣ ብሩሹንም አስቀመጠ፤ ተፈግፍጎ ሞራ ያልጠጣ ብረት በክረምት መልሶ ይዝጋልና። አሥራ አምስት ቀን ምን አላት?

በአሥረኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። መኪናዋ ለአብዮቱ በዓል ትፈለጋለች፤ ቀይ ተቀብታ ከነገ ወዲያ ለሰልፉ ልምምድ ትቅረብ። አባቴ በለሆሳስ የኋለኛው ሻንሲ ገና እንዳልተፈገፈገ አስረዳው።

"ጓድ፣ ሰልፍ ላይ ሻንሲህን ማን ያየዋል?" አለ ሊቀመንበሩ። ጠባቂዎቹ ሳቁ።

አባቴ፣ ለአንዲት ቅርፊት ሲቆጣኝ የከረመው ሰውዬ፣ "እሺ ጓድ" አለ። ያንን "እሺ" እስከ ዛሬ አልማርኩትም። በዝናብ፣ በእርጥብ ዝገት ላይ ቀባነው። ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

በዓሉ አለፈ፣ መኪናዋ ግን ዛሬ ለዘመቻ፣ ነገ ለእህል እየተባለች ሦስት ክረምት ቀበሌው ዘንድ ቀረች። ስትመለስ ቀለሟ አሁንም ያብረቀርቃል። አባቴ መዶሻ ይዞ ከስሯ ገባ። ሞራ የቀመሰውን የፊተኛውን ሲመታው እንደ ደወል ጮኸ። የኋለኛውን ሲመታው መዶሻው ቀለሙን በስቶ ገባ። ብየዳ የሚይዝ ብረት አልቀረም። መኪናዋ ተቆራርጣ ለቁራሌው ሄደች፣ ትምህርት ቤቱም በዚያው ቀረ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ "ያንን ሞራ ባልከለክል ኖሮ" እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖረች። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ጾመኛዋ ስትጸጸት፣ ያዘዘው ሰው ትከሻውን እንኳ አልከበደውም።

ፊደል የቆጠርኩት ኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ በዚያው ቀበሌ አዳራሽ ከአሮጊቶች መሃል ተቀምጬ ነው። ከሰሌዳው በላይ የሰልፉ ፎቶ ተሰቅሏል፤ መኪናችን ባንዲራ ለብሳ፣ ሊቀመንበሩ ከላይዋ ቆሞ እጁን እያውለበለበ። ሀ ሁ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ መኪናዋ ሆድ ይወርዳል። ሰውየው እውነቱን ነው። ሻንሲው አይታይም።