የማር በላው ጉድጓድ

በጣሊያን ጊዜ ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ይሰቀል ነበር። እኔም የኔን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወናጎ ካለው እንሰቴ ጥግ ባገኘሁት ባዶ የአውሬ ጉድጓድ ውስጥ ደበቅኩት።

አንድ ጠዋት አንድ የጣሊያን ሹም ከነአስተርጓሚው መጥቶ በቀጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«ምን አለበት ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው። ዲላ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው።

«ማር በላ የሚባል አውሬ አለበት» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ሹሙ ስቆ በዱላው ጎረጎረው። ጀርባው ነጭ፣ ሆዱ ጥቁር፣ እግሩ አጭር የሆነ እውነተኛ ማር በላ እያጉረመረመ ወጣና ቦት ጫማውን ነከሰ። በዱላ ቢቀጠቅጠው ቆዳው ወፍራም ነውና ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ከጅራቱ ሥር የለቀቀው ግማት ሦስታችንንም አስለቀሰን። ሹሙ ጫማውን ትቶለት ሮጠ። አስተርጓሚው ሳቁን አፍኖ ተከተለው።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ «ዛሬስ ተረፍን። ግን አውሬው ጠመንጃዬ ላይ ተኝቷል፤ እንዴት አድርጌ ላወጣው ነው?» አልኳት።

«እኔ እኮ አውሬው ሳይገባበት በፊት አውጥቼዋለሁ» አለች።

«የት ወሰድሽው?»

«ማንም የማይፈትሽበት ቤት። አስተርጓሚው ጋ ነው ያለው።»